ድፍድፍ ነዳጅ እና የተፈጥሮ ጋዝ

ድፍድፍ ነዳጅ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ፣ ገና ያልተጣራ ፈሳሽ ነዳጅ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ደግሞ ከድፍድፍ ነዳጅ ጋር ወይም ለብቻው በዐለት ውስጥ ታምቆ የሚገኝ ተቀጣጣይ ጋዝ ነው። ሁለቱም በአብዛኛው ሃይድሮካርቦን ከሚባሉ፣ ማለትም ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ ከተሠሩ ውሕዶች የተገነቡ ናቸው። ከድንጋይ ከሰል ጋር በአንድነት የቅሪተ አካል ነዳጆች ይባላሉ፤ ምክንያቱም የተፈጠሩት ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ከኖሩ ሕያዋን ቅሪት ነው።

ኢትዮጵያ የምትጠቀምበትን ቤንዚን፣ ናፍጣና የአውሮፕላን ነዳጅ ከውጭ ገዝታ ታስገባለች። በሌላ በኩል በሶማሌ ክልል በኦጋዴን ተፋሰስ የተፈጥሮ ጋዝ ከተገኘ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ የነዳጅና የጋዝ ጉዳይ ለአገሪቱ የሳይንስ ርዕስ ብቻ ሳይሆን የታክሲ ታሪፍ፣ የማዳበሪያ ዋጋ፣ የውጭ ምንዛሪና የማዕድ ቤት ጉዳይም ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» የኢትዮጵያን፣ «እ.ኤ.አ.» ደግሞ የአውሮፓውያንን የዘመን አቆጣጠር ያመለክታል።

ስያሜ

«ነዳጅ» የሚለው ቃል «ነደደ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን የሚነድ ማንኛውንም ነገር ሊያመለክት ይችላል። በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ቤንዚንና ናፍጣን ለመጥራት ያገለግላል። «ድፍድፍ» የሚለው ቅጽል ያልተጣራ መሆኑን ያሳያል።

«ጋዝ» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚጠራ ብዙ ጊዜ ግርታ ይፈጥራል። «ነጭ ጋዝ» ወይም «ላምባ» የሚባለው ኬሮሲን ነው፤ ይህም ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚገኝ ፈሳሽ እንጂ ጋዝ አይደለም። በሲሊንደር የሚሸጠው የማብሰያ ጋዝ ደግሞ በግፊት ፈሳሽ የሆነ የፕሮፔንና የቡቴን ቅልቅል ነው። «ቡታጋዝ» የሚለው ስያሜ ቡቴን ከሚለው ቃል ጋር የተያያዘ ቢሆንም በብዙ ቤቶች በነጭ ጋዝ የሚሠራውን ምድጃም ይጠሩበታል። የተፈጥሮ ጋዝ ከሁለቱም ይለያል፤ ዋናው ይዘቱ ሚቴን ነው።

አፈጣጠር

ድፍድፍ ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ በብዛት የተፈጠሩት በጥንት ባሕሮችና ሐይቆች ይኖሩ ከነበሩ በዓይን የማይታዩ ዕፅዋትና እንስሳት ቅሪት ነው። እነዚህ ሲሞቱ ወደ ውኃው ወለል ይወርዳሉ። ወለሉ ላይ ኦክስጅን አነስተኛ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብሱ ከደለል ጋር ይቀበራሉ። በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ በላያቸው አዳዲስ ደለል ሲቆለል ጥልቀቱ፣ ግፊቱና ሙቀቱ ይጨምራል።

ሙቀቱ ከ60 እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ቅሪቱ ወደ ፈሳሽ ነዳጅ ይለወጣል። ሙቀቱ ከዚያ በላይ ሲጨምር ትልልቆቹ ሞለኪውሎች ተሰባብረው በአብዛኛው ጋዝ ይሆናሉ። አንዳንድ አካባቢ ጋዝ ብቻ የሚገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ነዳጅ ወይም ጋዝ በሚወጣ መጠን እንዲከማች አራት ነገሮች መሟላት አለባቸው።

1. ምንጭ ዐለት፦ ቅሪቱ ተቀብሮ የበሰለበት ዐለት ነው።
2. አቃፊ ዐለት፦ እንደ አሸዋ ድንጋይ ወይም የኖራ ድንጋይ ያለ፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ዐለት ነው። ነዳጁ በእነዚህ ቀዳዳዎች ውስጥ ይቀመጣል።
3. ሸፋኝ ዐለት፦ ፈሳሽና ጋዝ የማያሳልፍ እንደ ሸክላ ድንጋይ ወይም የጨው ንጣፍ ያለ ክዳን ነው።
4. ወጥመድ፦ ዐለቶቹ ታጥፈው ወይም ተሰንጥቀው ነዳጁ ወደ ላይ አምልጦ እንዳይሄድ የሚያደርጉበት ቅርጽ ነው።

ከዚህ እንደሚታየው ነዳጅ ከመሬት በታች እንደ ሐይቅ ተንጣልሎ አይገኝም። ውኃ እንደጠጣ ስፖንጅ በዐለት ቀዳዳዎች ውስጥ ተሰራጭቶ ይገኛል። በአንድ ወጥመድ ውስጥ ሦስቱም ካሉ ቀላሉ ጋዝ ከላይ፣ ነዳጁ ከመካከል፣ ውኃው ከታች ይደረደራሉ።

የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በአመዛኙ በእሳተ ገሞራ ዐለት የተሸፈኑ ስለሆኑ ለፍለጋ አመቺ አይደሉም። ኦጋዴን ግን ባሕር በተደጋጋሚ ያጥለቀለቀው ሰፊ ተፋሰስ በመሆኑ ወፍራም የደለል ዐለት ተከማችቶበታል። የተፋሰሱ ስፋት 350,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ከኦጋዴን ሌላ በጋምቤላና በደቡብ ኦሞ አካባቢም ፍለጋ ተካሂዷል።

ፍለጋና አወጣጥ

የፍለጋ ሥራ የሚጀመረው ከመሬት በላይ ነው። የሥነ ምድር ባለሙያዎች የዐለቶቹን ዓይነት ካጠኑ በኋላ የድምፅ ሞገድ ወደ መሬት ውስጥ ይልካሉ። ሞገዱ ከተለያዩ የዐለት ንጣፎች እየነጠረ ሲመለስ በመቀበያ መሣሪያዎች ይመዘገባል፤ መረጃው በኮምፒውተር ተቀናብሮ የከርሰ ምድሩ ምስል ይወጣል። ይህ ዘዴ ወጥመድ ሊኖር የሚችልበትን ቦታ ያሳያል እንጂ ወጥመዱ ነዳጅ መያዙን አያረጋግጥም። ማረጋገጫው ጉድጓድ መቆፈር ብቻ ነው። ብዙ የፍለጋ ጉድጓዶች ባዶ ስለሚሆኑ ሥራው ከፍተኛ ገንዘብና ትዕግሥት ይጠይቃል።

«ነዳጅ ተገኘ» በሚለው ዜና ውስጥ ሦስት የተለያዩ ደረጃዎች ይደባለቃሉ። የመጀመሪያው የነዳጅ ምልክት መታየቱ ነው። ሁለተኛው በሚለካ መጠን መኖሩ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ወጪውን ሸፍኖ ሊሸጥ የሚችል መሆኑ ነው። አንድ ክምችት ሁለተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ መንገድ፣ ቧንቧ፣ ገበያ ወይም ሰላም በማጣት ለአሥርተ ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። የኦጋዴን ጋዝ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ዘመናዊው የነዳጅ ኢንዱስትሪ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ኤድዊን ድሬክ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት በ1859 እ.ኤ.አ. ጉድጓድ ቆፍሮ ነዳጅ ካወጣበት ጊዜ ጀምሮ ነው። በዚያ ዘመን ዋናው ምርት ለመብራት የሚውለው ነጭ ጋዝ ነበር። ቤንዚን ተፈላጊ የሆነው መኪና ከተስፋፋ በኋላ ነው።

የድፍድፍ ነዳጅ መለኪያ በርሜል ነው። አንድ በርሜል 42 የአሜሪካ ጋሎን ወይም 159 ሊትር ገደማ ይይዛል። የተፈጥሮ ጋዝ በኪዩቢክ ሜትር ወይም በኪዩቢክ ጫማ ይለካል።

ማጣራት

ድፍድፍ ነዳጅ እንዳለ በመኪና ሞተር ውስጥ አያገለግልም። ብዙ ዓይነት ሃይድሮካርቦኖች የተቀላቀሉበት ስለሆነ መለያየት አለባቸው። ማጣሪያ ፋብሪካ ድፍድፉን ከ350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አሙቆ ወደ ረጅም ማማ ያስገባዋል። ማማው ከታች በጣም የሞቀ፣ ወደ ላይ እየቀዘቀዘ የሚሄድ ነው። እያንዳንዱ ውሕድ የራሱ የመፍያ ነጥብ ስላለው በተለያየ ከፍታ ላይ ወደ ፈሳሽነት ተመልሶ ይለያል። ከላይ ወደ ታች ሲታዩ ዋና ዋናዎቹ ምርቶች የሚከተሉት ናቸው።

- የማብሰያ ጋዝ (ፕሮፔንና ቡቴን)፦ ለማዕድ ቤትና ለሆቴሎች ያገለግላል።
- ቤንዚን፦ ለቤት መኪና፣ ለሞተር ሳይክልና ለባጃጅ ያገለግላል።
- ነጭ ጋዝ እና የአውሮፕላን ነዳጅ፦ ሁለቱም በቅርብ የሚዛመዱ ናቸው።
- ናፍጣ፦ ለአውቶቡስ፣ ለጭነት መኪና፣ ለትራክተርና ለጄኔሬተር ያገለግላል።
- ቀላልና ከባድ ጥቁር ናፍጣ፦ ለፋብሪካ ቦይለርና ለመርከብ ያገለግላል።
- የሞተር ዘይትና ግራሶ የሚሠሩባቸው ከባድ ክፍሎች።
- ሬንጅ፦ ለአስፋልት መንገድ ሥራ የሚውለው የመጨረሻው ዝቃጭ ነው።

ከአንድ ድፍድፍ የሚገኘው የእያንዳንዱ ምርት መጠን እንደ ድፍድፉ ዓይነት ይለያያል። ቀላል ድፍድፍ ብዙ ቤንዚን ይሰጣል፤ ከባዱ ደግሞ ብዙ ጥቁር ናፍጣና ሬንጅ ይተዋል። የድኝ መጠኑ ከ0.5 በመቶ በታች የሆነ ድፍድፍ ለማጣራት ስለሚቀል በገበያ የተሻለ ዋጋ ያገኛል። ማጣሪያዎች ከባዶቹን ሞለኪውሎች በሙቀትና በአነቃቂ ንጥረ ነገር ሰባብረው የቤንዚንና የናፍጣውን ድርሻ መጨመር ይችላሉ።

የተፈጥሮ ጋዝ አያያዝ

ሚቴን አንድ የካርቦንና አራት የሃይድሮጅን አቶሞች ያሉት ቀላል ጋዝ ነው። ከጉድጓድ ሲወጣ ውኃ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የድኝ ውሕዶችና ኮንደንሴት የሚባል ቀላል ፈሳሽ ነዳጅ ሊቀላቀልበት ስለሚችል አስቀድሞ ይጸዳል።

የጋዝ ትልቁ ችግር ማጓጓዝ ነው። ፈሳሽ ነዳጅ በቦቴ ወይም በበርሜል ሊጫን ይችላል፤ ጋዝ ግን ሰፊ ቦታ ይይዛል። ለዚህ ሦስት መፍትሔዎች አሉ። አንደኛው በቧንቧ መላክ ነው። ሁለተኛው በከፍተኛ ግፊት አምቆ በጠንካራ ሲሊንደሮች መያዝ ነው። ሦስተኛው ከዜሮ በታች ወደ 162 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አቀዝቅዞ ፈሳሽ ማድረግ ነው። ጋዙ ፈሳሽ ሲሆን ይዘቱ ወደ 600 እጥፍ ገደማ ይቀንሳል፤ ከዚያም ሙቀት በማያስገቡ ልዩ ቦቴዎች ወይም መርከቦች ይጓጓዛል።

ጋዝ ከማቃጠል ውጭም ጥቅም አለው። ሚቴንን ከእንፋሎት ጋር በማዋሐድ ሃይድሮጅን ይገኛል። ሃይድሮጅኑ ከአየር ከሚወሰድ ናይትሮጅን ጋር ተዋሕዶ አሞኒያ፣ አሞኒያው ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ዩሪያ ማዳበሪያ ይሆናል። በሌላ አነጋገር ገበሬው ማሳው ላይ የሚጨምረው ዩሪያ በብዙ አገሮች የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው።

የኃይል መጠን

ድፍድፍ ነዳጅና ጋዝ ተፈላጊ የሆኑበት ዋና ምክንያት በትንሽ ክብደት ብዙ ኃይል መያዛቸው ነው። አንድ ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት ሲቃጠል ከ16 እስከ 18 ሜጋ ጁል ገደማ ይሰጣል። የእንጨት ከሰል ወደ 30፣ የሲሊንደር ጋዝ 46 ገደማ፣ ሚቴን ደግሞ ከ50 በላይ ሜጋ ጁል በኪሎ ግራም ይሰጣሉ። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሜጋ ጁል ገደማ ወይም ወደ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል ይይዛል።

ይሁን እንጂ በነዳጁ ውስጥ ያለው ኃይል ሁሉ ጥቅም ላይ አይውልም። የመኪና ሞተር አብዛኛውን ኃይል በሙቀት መልክ ያባክናል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን የተሰጠውን ኃይል አብዛኛውን ወደ እንቅስቃሴ ይለውጣል። ስለዚህ ሁለት የኃይል ምንጮች ሲነጻጸሩ የተገዛውን ብቻ ሳይሆን ሥራ የሠራውን መጠንም ማየት ያስፈልጋል።

የነዳጅ ፍለጋ ታሪክ በኢትዮጵያ

በኦጋዴን መጠነ ሰፊ ፍለጋ የተጀመረው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በ1945 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካው ሲንክሌር ኩባንያ ፈቃድ ከሰጠ በኋላ ነው። ኩባንያው ጉድጓዶች ቢቆፍርም ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ ሳያገኝ ወጣ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ቴኔኮ በካሉብና በሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ አገኘ። ብዙም ሳይቆይ አብዮቱና የኢትዮ-ሶማሊያ ጦርነት ሥራውን አቋረጡት። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች በካሉብ ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፍረው የጋዙን መኖር አረጋገጡ።

ከደርግ ውድቀት በኋላ ካሉብን ለማልማት የአክሲዮን ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። በኋላም የማሌዥያው ፔትሮናስ ፈቃድ ወስዶ በ2010 እ.ኤ.አ. ለቆ ወጣ። በ2013 እ.ኤ.አ. የቻይናው ፖሊ-ጂሲኤል ከመንግሥት ጋር የምርት መጋራት ውል ተፈራረመ። ሰኔ 21 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በኦጋዴን የሙከራ ድፍድፍ ነዳጅ ማውጣት መጀመሩን አስታወቁ። በወቅቱ የተገለጸው መጠን በቀን 450 በርሜል ነበር። ይህ ወደ ሊትር ሲለወጥ 71,500 ገደማ ይሆናል፤ ሁለት ትልልቅ ቦቴዎችን እንኳ የማይሞላ መጠን ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ጋዙን ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚያደርስ ከ760 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ቧንቧ ለመዘርጋት ከጅቡቲ ጋር ስምምነት ቢፈረምም ቧንቧው አልተዘረጋም። መንግሥት በ2022 እ.ኤ.አ. የፖሊ-ጂሲኤልን ውል አቋረጠ።

ፍለጋው የሰው ሕይወትም አስከፍሏል። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. የኦጋዴን ብሔራዊ ነጻነት ግንባር ታጣቂዎች በሶማሌ ክልል አቦሌ በሚገኝ የቻይና ኩባንያ የፍለጋ ጣቢያ ላይ ባደረሱት ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገድለዋል።

በደቡብ ኦሞ ደግሞ ቱሎ የተባለው ኩባንያ በ2013 እ.ኤ.አ. ሳቢሳና ቱልቱሌ የተባሉ ጉድጓዶችን ቆፍሮ ነበር። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በዚያው የስምጥ ሸለቆ ሥርዓት በኬንያ ቱርካና ነዳጅ በመገኘቱ ተስፋው ከፍተኛ ነበር፤ ሆኖም በኢትዮጵያ በኩል ለገበያ የሚበቃ ክምችት አልተገኘም።

የአሰብ ማጣሪያ

ኢትዮጵያ በአንድ ወቅት ድፍድፍ ነዳጅ እየገዛች ራሷ ታጣራ ነበር። በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተሠራው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ በ1967 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። ኤርትራ በ1993 እ.ኤ.አ. ነጻ አገር ከሆነች በኋላም ማጣሪያው ለተወሰኑ ዓመታት ለሁለቱም አገሮች አገልግሏል፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። በ1998 እ.ኤ.አ. የኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት ሲጀመር የአሰብ ወደብ አገልግሎትም ቆመ። ከዚያ ወዲህ አገሪቱ የምትገዛው የተጣራ ነዳጅ ነው።

ከጅቡቲ እስከ ማደያ

ነዳጁን ከዓለም ገበያ የሚገዛው የኢትዮጵያ ነዳጅ አቅራቢ ድርጅት ነው። ነዳጁ በመርከብ ጅቡቲ ሲደርስ ዶራሌ በሚገኘው ተርሚናል ይራገፋል። ከዚያ እያንዳንዳቸው ከ40,000 ሊትር በላይ የሚጭኑ ቦቴዎች በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በአዋሽና በአዳማ በኩል ወደ አዲስ አበባ ያመጡታል። ጉዞው 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስርጭቱን የሚያካሂዱት እንደ ኖክ፣ ቶታልኢነርጂስ፣ ኦላ ኢነርጂና የተባበሩት ያሉ ኩባንያዎች ሲሆኑ ዘርፉን የሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። የችርቻሮ ዋጋውን የሚያስታውቀው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው።

ይህ ረጅም ሰንሰለት በማንኛውም ቦታ ቢበጠስ ውጤቱ ማደያ ላይ ይታያል። የውጭ ምንዛሪ ሲያጥር፣ ወደብ ላይ መጨናነቅ ሲፈጠር፣ የመንገድ ደኅንነት ሲታወክ ወይም የዋጋ ለውጥ ሲጠበቅ የመኪና ሰልፍ ይረዝማል። ለነዳጅ ግዢ በየዓመቱ የሚወጣው በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ለመድኃኒት፣ ለማዳበሪያና ለመለዋወጫ ዕቃ ከሚያስፈልገው ምንዛሪ ጋር ይሻማል።

ዋጋ፣ ድጎማና ፖለቲካ

የነዳጅ አምራችና ላኪ አገሮች ድርጅት (ኦፔክ) በ1960 እ.ኤ.አ. በባግዳድ በኢራን፣ በኢራቅ፣ በኩዌት፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በቬንዙዌላ ተመሠረተ። በ1973 እ.ኤ.አ. የዓረብና የእስራኤል ጦርነት ወቅት የዓረብ አምራቾች በጣሉት እገዳ የዓለም ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አራት እጥፍ ገደማ ጨመረ።

ይህ ድንጋጤ ኢትዮጵያም ደረሰ። መንግሥት የቤንዚን ዋጋ በ50 በመቶ ሲጨምር የታክሲ ታሪፍ ግን ባለበት ቆየ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ በዚያው ቀን ሥራ አቁመው ነበር። መንግሥት የዋጋ ጭማሪውን ቢቀንስም ተቃውሞው አልበረደም፤ በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። የነዳጅ ዋጋ የ1966ቱ አብዮት ብቸኛ ምክንያት ባይሆንም እሳቱን ካቀጣጠሉት ነገሮች አንዱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡ መንግሥታት የዓለም ዋጋ ሲንር ልዩነቱን በድጎማ ሲሸፍኑ ቆይተዋል። ድጎማ ለጊዜው የትራንስፖርትና የምግብ ዋጋን ያረጋጋል። ጉዳቱ ግን ብዙ ነዳጅ የሚያቃጥል ሰው ከድጎማው ብዙ መጠቀሙ፣ ዕዳ መከማቸቱና ርካሹ ነዳጅ በኮንትሮባንድ ወደ ጎረቤት አገር መውጣቱ ነው። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ እያነሳ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ብቻ የታለመ ድጎማ ማድረግ ጀመረ። በ2015 ዓ.ም. በማደያዎች የሚከፈለው ክፍያ እንደ ቴሌብር ባሉ ዲጂታል መንገዶች እንዲሆን ተደረገ።

በከተማ ቤት፦ የንፋስ ስልክ-ላፍቶ ምሳሌ

በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው ንፋስ ስልክ-ላፍቶ ክፍለ ከተማ የነዳጅን የተለያየ አጠቃቀም በአንድ ቦታ ያሳያል። ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ዳር የተሠሩ ፋብሪካዎችና ጋራዦች ናፍጣና ጥቁር ናፍጣ ይጠቀማሉ። በጀሞ፣ በለቡና በመካኒሳ የሚያልፉ ሚኒባሶች ታሪፍ የነዳጅን ዋጋ ይከተላል። በጀሞ የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ውስጥ አንድ ቤተሰብ እንጀራውን በኤሌክትሪክ ምጣድ ሊጋግር፣ ወጡን በሲሊንደር ጋዝ ሊሠራ፣ ቡናውን በከሰል ሊያፈላ ይችላል። መብራት ሲጠፋ ወይም ጋዝ ከገበያ ሲጠፋ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል።

በዚሁ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የለቡ ባቡር ጣቢያ ሌላ ገጽታ ያሳያል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት የሚሰጠው የኢትዮ-ጅቡቲ ባቡር የሚንቀሳቀሰው በኤሌክትሪክ ነው። የቀድሞው የምድር ባቡር በመጀመሪያ በእንፋሎት፣ በኋላም በናፍጣ ይሠራ ነበር። በአንድ መስመር ላይ ሦስት የኃይል ዘመናት ተፈራርቀዋል ማለት ነው።

የደኅንነት ጥንቃቄ

የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ስለዚህ ቢያፈተልክ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ሊታይም አይችልም። በተፈጥሮው ሽታ ስለሌለው ማፍተለኩ እንዲታወቅ ሽታ ይጨመርበታል። ሽታው ከተሰማ ክብሪት መጫር ወይም የመብራት ማብሪያ መንካት አይገባም። ማብሪያ መዝጋትም ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል። የሲሊንደሩን ቁልፍ ዘግቶ፣ በርና መስኮት ከፍቶ ከቤት መውጣት ይሻላል። ማፍተለክ የሚፈተሸው በሳሙና አረፋ እንጂ በእሳት አይደለም። ሚቴን በተቃራኒው ከአየር ስለሚቀል ወደ ጣሪያ ይወጣል።

ቤንዚን በቀዝቃዛ ቦታም ስለሚተን ተኑ ከሩቅ እሳት ሊይዝ ይችላል። በቤት ውስጥ በጀሪካን ማስቀመጥ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ነጭ ጋዝ በሚጠቀም ምድጃ ውስጥ በስህተት ቤንዚን ከገባ ከባድ ቃጠሎ ይከተላል። የከሰል ምድጃ ደግሞ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽታ የሌለውን ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጥራል። የምድጃ ነበልባል ሰማያዊ ሲሆን ቃጠሎው የተሟላ ነው፤ ቢጫና ጥቀርሻ የሚያወጣ ከሆነ አየር አንሶታል።

በአካባቢ ላይ የሚያስከትሉት ተጽዕኖ

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ፣ አንድ ሊትር ናፍጣ 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ይህ ጋዝ ከነዳጁ የበለጠ የሚከብደው ካርቦኑ ከአየር ኦክስጅን ስለሚወስድ ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር ለምድር ሙቀት መጨመር ዋና ምክንያት ነው።

የተፈጥሮ ጋዝ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ሲውል ከድንጋይ ከሰል ግማሽ ገደማ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ነገር ግን ሚቴን ሳይቃጠል ወደ አየር ካመለጠ በ20 ዓመት ሲለካ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ስለሆነም የጋዝ ጥቅም የሚወሰነው ከጉድጓድ እስከ ተጠቃሚ ባለው መንገድ ምን ያህል እንደሚያፈተልክ ነው።

ከኢትዮጵያ ሁኔታ አንጻር ሌላም ነገር ይታሰባል። አብዛኛው ቤተሰብ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። ጭሱ በተለይ የእናቶችንና የሕጻናትን ሳንባ ይጎዳል፤ ደንም ይመናመናል። በዚህ ረገድ የሲሊንደር ጋዝ የቅሪተ አካል ነዳጅ ቢሆንም ለቤት ውስጥ አየር ከእንጨት የተሻለ ነው። ኤሌክትሪክ ከሁለቱም ይበልጣል፤ የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃና ከሌሎች ታዳሽ ምንጮች የሚገኝ ነውና።

የኦጋዴን ጋዝ ዛሬ

የካሉብና የሂላላ ክምችት ለረጅም ጊዜ ከ4 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ በላይ ተብሎ ሲገመት ቆይቷል። ይህም ከ110 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር በላይ ነው። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. የመጀመሪያው ምዕራፍ የፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻ ተመረቀ። ሥራው ከቻይናው ጎልደን ኮንኮርድ ጋር የሚካሄድ ሲሆን የተገለጸው አቅም በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ 1.33 ቢሊዮን ሊትር እንዲሆን ታቅዷል።

እነዚህን ቁጥሮች ለመረዳት አንድ ሊትር ፈሳሽ ሚቴን የአንድ ሊትር ናፍጣን 60 በመቶ ገደማ ኃይል እንደሚይዝ ማወቅ ይጠቅማል። በዚህ ስሌት 111 ሚሊዮን ሊትሩ ከ66 ሚሊዮን ሊትር ናፍጣ ገደማ ጋር ይስተካከላል። በተጨማሪም ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. መንግሥት ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርሟል። ጥሬ ዕቃው የኦጋዴን ጋዝ እንዲሆን ታስቧል።

የጥቅም ክፍፍልም ዋና ጥያቄ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። አንቀጽ 98 ደግሞ ከነዳጅና ከጋዝ ሥራ የሚገኘውን ግብርና ሮያሊቲ የፌዴራል መንግሥትና ክልሎች በጋራ እንደሚጥሉና እንደሚሰበስቡ ይደነግጋል። በጉድጓዶቹ ዙሪያ የሚኖረው አርብቶ አደር ከውኃ፣ ከግጦሽ፣ ከሥራ ዕድልና ከገቢው ምን እንደሚደርሰው ሥራው በቀጠለ ቁጥር የሚታይ ይሆናል።

አማራጮች

ኢትዮጵያ ከነዳጅ ጥገኝነት ለመላቀቅ የተለያዩ መንገዶችን ሞክራለች። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ከስኳር ተረፈ ምርት የሚገኝ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር በ5 በመቶ፣ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በ10 በመቶ እንዲቀላቀል ተደርጎ ነበር። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ኅዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ይህም ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የሚያስፈልገውን ኃይል ለማቅረብ ያግዛል።

ሆኖም ኤሌክትሪክ ነዳጅን በአንድ ጊዜ በሁሉም ቦታ አይተካም። የቤት መኪናና የከተማ አውቶቡስ ለመቀየር ይቀላሉ። ረጅም ርቀት የሚጓዝ የጭነት መኪና፣ አውሮፕላን፣ የመንገድ ሬንጅ፣ ፕላስቲክና ማዳበሪያ ግን ለተጨማሪ ዓመታት ከድፍድፍ ነዳጅና ከጋዝ ጋር መተሳሰራቸው ይቀጥላል።